ያልተቀደደው ጋቢ

የሰደበኝ ሶፎንያስ ገረመው ነው። ቀኑ ጥቅምት 14 ቀን 2046 ዓ.ም.፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ። ቦታው ኮልፌ፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ አዳራሽ። በነጋታው ልንጋጠም ስለነበር ሁለታችንም በቁምጣ ሚዛን ላይ ወጥተን ወርደናል። እናቴ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች። እሷ ፈትላው አባቴ የሸመነውን ጋቢ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አድርጋለች፤ ወደ ሪንግ ስገባ ደርቤው እንድገባ ነው። ከጎኗ ጋሽ አንጁሎ ተቀምጠዋል፣ የዕድራችን ዳኛ፣ እሳቸውም ሸማኔ።

ሶፎንያስ ከሚዛኑ ወርዶ በባዶ እግሩ ወደ እናቴ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ። እሷ ሊያደንቅላት መስሏት ጋቢውን ሰጠችው። ሲሚንቶው ላይ አነጠፈውና ቆመበት። መጀመሪያ ቀኝ እግሩን፣ ቀጥሎ ግራውን፣ ልክ ከሻወር እንደወጣ ሰው ቀስ ብሎ ጠረገ። ከዚያ አንስቶ፣ አጥፎ፣ በሁለት እጁ መለሰላት። ሲመልስላት ጆሮዋ ድረስ ጎንበስ አለና እንዲህ አላት፦

«እማማ፣ ጋቢ ይዋጣልሻል። ልጅ ነው ያልተዋጣልሽ።»

አጠገባቸው ነበርኩ፤ ሰማሁ። ጋሽ አንጁሎም ሰምተዋል። ከእኛ ሌላ የሰማ የለም፤ ድምፅ መቅረጫው ሚዛኑ ጋ ነበር። እናቴ ቀና ብላ አየችውና «ተባረክ» አለችው። በሰው ፊት መቆጣት ነውር ነው ብላ የምታምን ሴት ነበረች። ታክሲ ውስጥ፣ የቆሸሸው ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጋ ጋቢውን ደግማ አጠፈችው። ማታ ሁለቴ አጠበችው። ከዚያ ወዲህ ለእኔ ብላ ጥጥ አልነካችም።

ይኸው ነው። አልጮኸም። ጋቢውን አልቀደደም። እናቴም አላለቀሰችም። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ነው፤ ሒሳብ አስተማሪያችን አቶ ምንተስኖት ክፍሉ ሁሉ እየሰማ «አንተ ለመጻፍ ሳይሆን ለመሸከም ነው የተፈጠርከው» ያለኝ በ2036 ግንቦት ላይ ነው፤ እሱን ሌላ ጊዜ እመጣበታለሁ። ጽሑፌ ባያምርም ይህችን የመጀመሪያዋን ቦታ ደግማችሁ አንብቡልኝ። ሌላ ቦታ አታገኟትም።

በነጋታው አሸነፍኩት። ይህን አሁን የሚያውቅ ሰው ብፈልግ አላገኝም። በስድስተኛው ዙር ጉልበቱን ሪንጉ ላይ አስነካሁት፤ ጨዋታውን በነጥብ ወሰድኩ። ዳኛው እጄን ሲያነሳ አዳራሹ ውስጥ ከነበረው ሰው ግማሹ ወጥቷል። በስክሪን የሚያየው ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ሄዷል። ዓርብ ዕለት አውድማ ላይ ገብቶ እናቴንና ጋቢውን ሲያይ ያመሸ ሕዝብ ቅዳሜ ቡጢውን ለማየት አልተመለሰም። አውድማ ማለት ጨዋታዎቻችንን በቀጥታ የሚያስተላልፈው ድርጅት ነው፤ በዚያን ጊዜ ገና አገር ውስጥ መግባቱ ነበር፤ አሁን ከእሱ ሌላ የለም።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ልጆች ከአውድማ መጡ። አባቴ መሸመኛው ላይ ተቀምጧል፤ የመሸመኛውን ጉድጓድ ዘለው ገቡ እንጂ ሰላም አላሉትም።

«ጨዋታው አሪፍ ነበር» አለኝ አንደኛው፣ «ሰው የሚጠብቀው ግን መልስህን ነው።»

«መልሴን ቅዳሜ ሰጥቻለሁ።»

ተያዩ።

«እሱ እኮ ቦክስ ነው» አለ ሁለተኛው።

እንደዚያ ነው ያለቀው። ማንም በአዋጅ አልዘጋውም። ፌዴሬሽን የሚባለው ቢሮ አንድ ቀን ሄጄ ባየው ውስጡ የጥፍር ቀለም ይሸጣል። የአሸናፊ ቀበቶዎቹ ለሠርግ አዳራሽ ጌጥ ተሸጡ። ማን ከማን ይጋጠም የሚለውን ድሮ ነጥብ ነበር የሚወስነው፤ አሁን ቂም ሆነ። ቂም የሌለው ቦክሰኛ፣ እጁ ብረት ቢሆን፣ የሚያየው የለም ተብሎ ይቀራል። ስምንት ዙር አራት ሆነ፤ አራቱ ሁለት። ዛሬ ያሉት ልጆች አንድ ዙር ይጋጠማሉ፤ እሱንም ተመልካቹ ሲሳሳ ደወሉ ይደወልና «በቃ ውረዱ» ይባላሉ። የሚዛን ሥነ ሥርዓቱ ግን ሦስት ቀን ይፈጃል።

ጂም ውስጥ በቡጢ የምንመታው ጆንያ ወርዶ መስታወት ተሰቅሏል። ልጆቹ ጠዋት ገብተው ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ይሰዳደባሉ። አሰልጣኙ ከኋላቸው እየዞረ «ዓይንህን አትስበር! እናቱን ጥራ! በስሟ ጥራት!» ይላል። ለመመዝገብ እናት ይዘው ይመጣሉ። እናት የሌለውን ልጅ ይመልሱታል። አክስት ይዞ መጥቶ እናቴ ናት ብሎ የተባረረ ልጅ አውቃለሁ፤ ግራ እጁ ግሩም ነበር።

ሥራው ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰዳቢ አለ፣ ተሰዳቢ አለ። ተሰዳቢ አንድ ቂም ይዞ ዕድሜ ልኩን ይኖርበታል። ሰዳቢ ግን አንድ ሰው ሰድቦ አያቆምም፤ በየሲዝኑ አዲስ ይሰጡታል፤ ቂማቸው ተመልካች መሳብ ያቆመባቸው ሁሉ ደግሞ ተራ በተራ መጥተው ይመቱታል። ሶፎንያስን ሰዳቢ አደረጉት። መልኩ ያምር ነበር፤ ድምፁም። እኔን ተሰዳቢ አደረጉኝ። ፈረምኩ። ያን ጊዜ የመሰለኝ እንደገና አጋጥመውን፣ ሕዝብ ሁሉ እያየ፣ የእናቴን መልስ የምሰጠው ነበር። «መልስህ የሚቀጥለው ሲዝን ላይ ነው» አሉኝ። በሚቀጥለውም እንደዚያው አሉኝ። ለካስ መልስ ከተሰጠ ቂሙ ያልቃል። አላጋጠሙንም።

የምኖረው ለእኛ ለተሰዳቢዎች በተሠራው ሕንፃ ነው፤ ሰፈርተኛው ቂም ቤት ይለዋል። መብራቱም ሕክምናውም ጥሩ ነው፤ ይህን አልክድም። ጠዋት ደወል ይደወላል። እነሳና አምባሩን አስተካክዬ ግድግዳው ፊት እቆማለሁ። ግድግዳው ያችን ዓርብ ያሳየኛል። አምባሩ የደም ሥሬን ይቆጥራል። ከተናደድኩ አረንጓዴ ይበራና «የዛሬው ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ይላል። ካልተናደድኩ ደግሞ ያሳየኛል። ሻወሩ የሚሞቀው ከአረንጓዴው በኋላ ነው። ከወዲያኛው ግድግዳ የጎረቤቴ ሰዳቢ ሲጮህ ይሰማኛል፤ የእሱ ስለ ሚስቱ ነው። ከላይ የሚኖረው ሰውዬ ስለ አባቱ ነው። ከዚያ ቧንቧው በየፎቁ መንሾሽ ይጀምርና ሁላችንም እንታጠባለን።

በመጀመሪያ የሚያሳዩኝ ያው የሆነው ነበር። ሰውየው ጎንበስ ይላል፤ እናቴ ቀና ትላለች፤ ድምፅ የለም። ቃሉን እኔ ውስጤ እሞላለሁ፤ ደሜ ይፈላል፤ አረንጓዴ ይበራል። አንድ ጠዋት ግን ሶፎንያስ ቀና ብሎ፣ አዳራሹን እያየ፣ «አንተ የሸማኔ ዘር! ድር ጎትት እንጂ ቡጢ ምን አገባህ!» ብሎ ሲጮህ አየሁት። አዳራሹ ያጓራል። አፉ ከቃሉ ጋር ልክ ነው፤ ድምፁም የራሱ ነው። በሌላ ሲዝን ደግሞ ጋቢውን ለሁለት ቀደደው፤ ሲቀደድ ድምፁ ግድግዳውን አልፎ ይሰማል። ከዚያ እናቴን አስለቀሷት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። እናቴ ስታለቅስ ትከሻዋ አይንቀጠቀጥም። አባቴ ሲሞት አይቻታለሁ፤ ድንጋይ ነበረች።

የእኔን ቂም የምትከታተል ሄራን የምትባል ልጅ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ጨዋ፣ አንቱ ብላ የምታናግረኝ። ቢሮዋ ሄድኩ።

«ሄራን፣ ይሄ ሰውየው ያለው አይደለም» አልኳት።

«የቱ፣ ጋሽ ኢያሱ?»

«ሁሉም። አልጮኸም። የሸማኔ ዘር አላለኝም። የተናገረው ለእኔ አይደለም፣ ለእናቴ ነው።»

ጠረጴዛዋን ነካ ነካ አደረገች። «እዚህ ግን እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ቀይራችሁት ነዋ!»

«አልተቀየረም፣ ጠርቶ ነው። ድሮ ድምፁ አይሰማም ነበር፤ የማይሰማውን ሞላንልዎት።»

«የድሮውን አሳዪኝ።»

«የድሮው የሚባል የለም እኮ። ሲጠራ በላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ለበሽተኛ እንደሚነገረው። «ጋሽዬ፣ አይክፋዎትና እርስዎ ስንቴ ጭንቅላትዎን ተመትተዋል። እሱ ግን አልተመታም፤ እሱን ይመኑት።»

እሱ የምትለው ግድግዳውን ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 2063። ይህችንም ይዣታለሁ።

እናቴ ስትሞት ለቀስተኛው ሁሉ እጄን እየጨበጠ ስለዚያ ለቅሶዋ አጽናናኝ። ድንኳን ውስጥ አንዲት ሴት «አይ፣ ያን ቀን ስታለቅስ አንጀቴን በልታዋለች» አለችኝ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም። መንገድ ላይ ወጣቶች ሲያዩኝ «የሸማኔ ዘር!» ብለው እጃቸውን ያነሱልኛል። ሰላምታ መሆኑ ነው። በፍቅር ነው የሚሉኝ፤ አብረን ፎቶ እንነሳ ይላሉ።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። መምታት ድሮ ወጥቶልኛል። ከእኔ ሌላ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «አዎ፣ ለእናትህ እንደዚያ ብያታለሁ» እንዲለኝ ነበር። ያንን ሊለኝ የሚችል ደግሞ ሶፎንያስ ነው።

የእኛን የጋሞዎችን ደንብ ለማያውቅ አንድ ነገር ልንገር። ሰው ከሰው ሲቃቃር ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ይመጣሉ። ሣሩን ይዘው ከፊትህ ይንበረከካሉ። በዳዩ በደሉን በራሱ አፍ ይናገራል፤ አንተ ይቅር ትላለህ። ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ የሄደ ሰው ከእኛ መሃል ሰምቼ አላውቅም። አባቴም አልሰማም።

አውድማም ይህንን ደረሰበት። በአንዱ ሲዝን መጨረሻ ላይ ሽማግሌ የመሰሉ ሰዎች አምጥተው ፊቴ አንበረከኩ። ሣሩ አብረቀረቀብኝ፤ ስነካው ፕላስቲክ ነው። ሶፎንያስ በታዘዘው መሠረት ሣሩን ረግጦ ምራቁን ተፋ። ተመዝጋቢው ጎረፈ። እኔ ያን ዕለት መልስ እንዳልሰጥ ተነግሮኝ ስለነበር ቆሜ አየሁ። የካሜራው ቀይ መብራት እስክትጠፋ ቆምኩ።

ባለፈው የካቲት አንድ ጠዋት፣ ገና ከሻወር እንደወጣሁ፣ በር ላይ ሰው ይፈልግሃል ተባልኩ። ብወርድ ጋሽ አንጁሎ ናቸው። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈው አጥሩ ሥር ቆመዋል።

«አንተ ልጅ፣ ቁርስ በላህ?»

«በልቻለሁ።»

«ውሸትህን ነው። ፊትህ ቅል መስሏል። እዚህ ምንድን ነው የሚያበሏችሁ፣ መስታወት?»

ሳቅኩ። ከሳቅኩ ቆይቼ ነበር።

«ለምን እንደመጣሁ አትጠይቀኝም? ሶፎንያስ ቃል እየጠፋው ነው። የውሃን ስም ረስቶ በጣቱ ያሳያል አሉ። እህቱ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። ጨርሶ ሳይጠፋበት ይቅርታ ይጠይቅ፣ ሳይታረቅ አይሙትብኝ ብላ።»

«አውድማ ነው የላከዎት?»

ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «እኔን? አውድማ እኔን የሚያውቀኝ የላስቲክ ሣር ያዝ ብሎኝ ከቤቴ ሳባርረው ነው! ልላክ ብል ለምን በእግሬ እመጣለሁ፣ መኪና አይሰጡኝም?»

«ማን ይኖራል?»

«እኔ፣ ሁለት ሽማግሌ፣ እሱ፣ እህቱ። ሌላ ማንም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እኔ ግቢ። ያንን አምባር አውልቀህ ና።»

አምባሩ ከወለቀ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። ከአውድማ ውጪ የታረቀ ተሰዳቢ ተሰዳቢ መሆኑ ያበቃል። በሩ አይከፍትለትም። ሐኪሙ ስሙን አያገኘውም። ሦስተኛ ፎቅ የነበረ አንድ ልጅ ከሰዳቢው ጋር ለቅሶ ቤት ተገናኝተው ተሳስመው፣ ማታ ሲመለስ በሩ አላወቀውም፤ ጫማውን እንኳ አላወጣም።

እሁድ ጠዋት ግድግዳው ፊት አልቆምኩም። አምባሩን አውልቄ የእጅ መታጠቢያው ላይ አስቀመጥኩት። በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ። ከአልጋዬ ሥር ካለችው ሻንጣ ጋቢውን አወጣሁ። አዎ፣ እኔ ጋ ነው ያለው። አውድማ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚያሳየው የተቀደደ ጋቢ ሌላ ነው፤ የት እንዳሸመኑት አላውቅም፣ ጥለቱ እንኳ የእኛ አይደለም። ደረብኩትና ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ዞሬ አላየሁም። እውነት ለመናገር ልቤ እንደ ሙሽራ ይመታ ነበር።

የጋሽ አንጁሎ ግቢ ጠባብ ነው። መሸመኛው በረንዳው ላይ ነው፤ ከእሳቸው በኋላ የሚቀመጥበት የለም። ሦስት በርጩማ፣ አንድ አግዳሚ። ሣሩ ላዩ ላይ ውሃ እንደቋጠረ በሰፌድ ተቀምጧል። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ያሳፍራል፤ አንዱን ዘለላ አንስቼ አኘኩት። መራራ ነው። ጭማቂ አለው። ሽማግሌዎቹ አዩኝ። ጋሽ አንጁሎ «ቁርስ አልበላም ብያችሁ ነበር» አሉ።

ከዚያ ሶፎንያስ ገባ። እህቱ ኬብሮን ክንዱን ይዛዋለች። በግድግዳው ጠዋት ጠዋት የማየው ሶፎንያስ ዛሬም የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ አባቱ መሰለኝ። አንዱ የዓይን ቆቡ ወርዶ ቀርቷል። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ቢቀመጡም አያርፉም። አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ዓይኑ የበረንዳውን ጥጋ ጥግ ይዞራል፤ ጣራውን፣ የመስኮቱን ጠርዝ፣ የአጥሩን ጫፍ። ምን እንደሚፈልግ ገባኝ።

«የለም ሶፊ» አለችው እህቱ፣ «ዛሬ መብራት የለም።»

«የለም?»

«የለም። ቤት ነው።»

ጋሽ አንጁሎ ሣሩን አንስተው ለሁለቱ ሽማግሌዎች አካፈሉ። ሦስቱም ቀስ ብለው፣ ጉልበታቸው እየጮኸ፣ ከፊቴ ተንበረከኩ። ጋሽ አንጁሎን ተንበርክከው ሳያቸው ልነሳ ነበር፤ በዓይናቸው ተቀመጥ አሉኝ።

«ሶፎንያስ» አሉ፣ «የበደልከው ሰው ይኸውልህ። የበደልከውን በአፍህ ተናገር። አታሳንስ፣ አትጨምር።»

ሶፎንያስ ቀና አለ። ፊቴን አየኝ፤ አወቀኝ። እንባው ወዲያው መጣ። አስመስሎ አልነበረም፤ ስንት አስመሳይ አይቻለሁ፣ ይሄ እውነተኛ እንባ ነው። አፉ ቃሉን ፈልጎ ፈልጎ ሲያገኘው ጮኸ፦

«አንተ የሸማኔ ዘር! ድር ጎትት እንጂ... ቡጢ... ምን አገባህ!»

ቃል በቃል። እጁን እንኳ የሚያነሳው በግድግዳው ላይ በሚያነሳበት ቦታ ነው።

«እንደዚያ ብዬሃለሁ» አለ እያለቀሰ። «ሕዝብ ፊት። ይቅር በለኝ።»

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሌላስ?» አልኩት።

«ሌላ... ጋቢውን ቀደድኩት።»

«ለእናቴስ? ለእናቴ ምን አልካት? ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብለህ?»

አሰበ። በግንባሩ ላይ ሲያስብ ይታያል፤ ጨለማ ቤት ውስጥ ማብሪያ እንደሚዳብስ ሰው።

«ጎንበስ አላልኩም» አለ። «እናትህ አለቀሰች። እንደዚህ።» ፊቱን በእጆቹ ሸፈነና ትከሻውን አንቀጠቀጠ።

«አላለቀሰችም።»

«አለቀሰች። አይቻለሁ። ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ አይደል!»

ኬብሮን አንገቷን ደፋች። «ለእሱም ያሳዩታል» አለች ቀስ ብላ። «ካላየ መድኃኒቱ አይመጣም።»

ተነሳሁና ጋቢውን ከትከሻዬ አውርጄ ዘረጋሁት። ከዳር እስከ ዳር፣ በሁለቱም በኩል። «እየው። ይኸው ነው። አልቀደድከውም። እግርህን ነው የጠረግክበት። የት ጋ ነው የተቀደደው? አሳየኝ።»

ሶፎንያስ የሚንቀጠቀጡ ጣቶቹን ጥለቱ ላይ አሳለፈ። ከልቡ ፈለገ። ከዚያ ሊያስቀይመኝ ያልፈለገ ሰው በሚናገርበት ድምፅ «ይሄ ሌላ ነው» አለኝ። «የእናትህን እኔ ቀድጄዋለሁ።»

ወደ ጋሽ አንጁሎ ዞርኩ። አሁንም ተንበርክከዋል፤ ከሣሩ ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ ሱሪያቸውን አርሶታል።

«ጋሽ አንጁሎ፣ እርስዎ ከጎኗ ነበሩ። ይንገሩት።»

«ምን ልንገረው ልጄ?»

«ያላትን! ሰምተዋል እኮ!»

«ሰምቻለሁ እንጂ። ሁሉም ሰው ሰምቷል።» ፊታቸው ላይ አንዳች ተንኮል የለም። «የሸማኔ ዘር አለ። እኔንም ነው የሰደበኝ፣ ሸማኔ አይደለሁ? ያን ቀን እናትህን በዚህ ክንዴ ደግፌ አይደል ያወጣኋት፣ እያለቀሰች?»

ያን ቀን ታክሲው ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። እናቴ ከኋላ ነበረች፤ በራሷ እግር የገባች፣ ዓይኗ ደረቅ፣ ጋቢውን እያጠፈች።

«ልጄ» አሉ ጋሽ አንጁሎ፣ «ቃሉ አንድም ይሁን ሌላ፣ ሰውየው ይቅርታ ጠይቆሃል። ጉልበቴ አልቻለም። ሣሩን ተቀበለኝ።»

ሶፎንያስን ላስተምረው እችል ነበር፤ ያንን አሰብኩ። አጠገቡ ተቀምጬ፣ ቃል በቃል፣ ለሕፃን መዝሙር እንደሚያስጠኑት፦ እማማ በል፣ ጋቢ በል፣ ይዋጣልሻል በል። እናቴን እንዲሰድብልኝ አስጠንቼው፣ ከዚያ ይቅር ልበለው። ይህን ሳስብ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ያቺን ዓርብ በዓይነ ሕሊናዬ ለማምጣት ሞከርኩ፤ መጀመሪያ የታየኝ የሚንቀጠቀጠው ትከሻ ነው። ገፋሁት። ተመልሶ መጣ።

ሣሩ ሽታው ይሸታል፣ እውነተኛ እርጥብ ሣር። ሶፎንያስ ፊቴን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ዝም ያልነው የእሱ ጥፋት መሰለው። እንደገና ጣራውን፣ የመስኮቱን ጠርዝ፣ የአጥሩን ጫፍ በዓይኑ ፈለገ። ከዚያ እንባውን በእጅጌው ጠረገና ጉሮሮውን አጠራ።

«ድጋሚ ልበለው?» አለኝ።

ጋቢውን አጥፌ ብብቴ ሥር አደረግኩት። በሦስቱ ሽማግሌዎች መሃል አልፌ፣ ሣሩን ተሻግሬ ወጣሁ።